ታክቲክስ ኦግርን ተመልካች እየወሰነ ልንጫወተው ነው፤ የትኛውን ውሳኔ ለድምፅ ልስጥ?

የአራዳው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ የድሮ ጌም የሚወድ ጎንደሬ ካለ ይህችን ያንብብልኝ።

ታክቲክስ ኦግርን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጫወት ልጀምር ነው። ብቻዬን ግን አይደለም። የምጫወተው እኔ ነኝ፣ የሚወስነው ተመልካቹ ነው። ፒያሳ ጓደኛዬ ፕሌይስቴሽን ቤት አለው። ቅዳሜ ማታ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሲቀንሱ አንዱን ቲቪ ይለቅልናል። እዚያ ቁጭ ብለው የሚያዩ አሉ። የቀሩት ደግሞ በቴሌግራም ግሩፓችን ይከተላሉ፤ አዲስ አበባ የገቡ፣ ባሕር ዳር የሚማሩ፣ አሜሪካ የሄዱ የሰፈር ልጆች ሁሉ እዚያ ናቸው። እኔ ስክሪኑን ፎቶ እያነሳሁ ታሪኩን በአማርኛ እጽፍላቸዋለሁ፣ ውሳኔ ሲመጣ ፖል (የድምፅ መስጫ) እከፍታለሁ።

ጌሙን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኩዌስት የሚባል የጃፓን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ለሱፐር ፋሚኮም ያወጣው ነው። በ2010 በእጅ ለሚያዘው ለሶኒው ፒኤስፒ ታድሶ ወጣ፣ በ2022 ደግሞ ለኮምፒውተርና ለአዳዲሶቹ ኮንሶሎች እንደገና ተሠራ። የኔ የፒኤስፒው ነው። ሜዳው በካሬ የተከፋፈለ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት አለው። ዳገት ላይ የቆመ ቀስተኛ ሩቅ ይመታል። ከኋላ የሚሰነዘር ምት ከፊት ከሚሰነዘረው የበለጠ ይሳካል። ተራው ደግሞ የቡድን አይደለም፤ እያንዳንዱ ተዋጊ በራሱ ፍጥነት ተራው ይደርሰዋል፣ ከባድ ጥሩር የለበሰው ይዘገያል።

ታሪኩ የሚሆነው ቫሌሪያ በምትባል የደሴቶች አገር ነው። ንጉሥ ዶርጋሉዋ ወራሽ ሳይተካ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ባክራም፣ ጋልጋስታንና ዋሊስተር የሚባሉት ወገኖች እርስ በርስ ይፋጃሉ። እኛ የምንጫወተው ዴናም የሚባለውን የዋሊስተር ወጣት ሆነን ነው። እህቱ ካቲዋና የልጅነት ጓደኛው ቫይስ አብረውት አሉ። በየመሃሉ ጌሙ ቆም ብሎ ይጠይቅሃል፣ መልስህም ታሪኩን ይቀይረዋል። ሦስት መንገዶች አሉ፣ የሚገናኙት በመጨረሻው በአራተኛው ምዕራፍ ነው። አንዱን ከያዝክ የሌላውን ታሪክ ሳታየው ታልፋለህ።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ ምኑን ለድምፅ ልስጥ፣ ምኑን ለራሴ ልያዝ? ሁሉንም እንዳልሰጥ አንድ ውጊያ ሳምንት ይፈጅብናል። ትንሽ ብቻ እንዳልሰጥ ደግሞ ሰዉ ዝም ብሎ የኔን ጨዋታ የሚያይ ይሆናል። ሌላው፣ ተመልካቹ የመረጠው ነገር ሰው ቢያስገድልብን ምን ላድርግ? ጌሙ ወደ ኋላ የሚመልስ ነገር አለው፣ ልጠቀምበት ወይስ ይቅር? በተጨማሪ የጓደኛዬ ቲቪ የድሮ ነው፣ ቢጫ ቀይ ነጭ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ ፒኤስፒን ከዚያ ጋር ያገናኘ ካለ ይንገረኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ የከበደኝ እሱ ነው። በአንደኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ያለውን ውሳኔ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ያን እንዴት አድርጌ ሰዉ ፊት ላቅርበው?


ማራኪ፦

ወንድሜ ሐሳብህን በጣም ነው የወደድኩት። ግቢ እያለን ዶርም ውስጥ ፋየር ኤምብለም በሚባል ሌላ የውጊያ ጌም እንዲህ ሞክረን ስለነበር የማውቀውን ልንገርህ።

እያንዳንዷን እርምጃ በፍጹም ለድምፅ እንዳትሰጥ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ትዊች በሚባለው የቀጥታ ስርጭት ገጽ ላይ ፖክሞን ሬድ የሚባለውን ጌም ሕዝብ በአንድ ላይ የተጫወተበትን ሰምተህ ይሆናል። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሳትፎበታል፣ ሁሉም በቻት የፈለገውን ቁልፍ ይጽፋል፣ ገጸ ባሕሪው ግድግዳ ሲገፋ ይውላል። ጨርሰውታል፣ ግን 16 ቀን ሌትና ቀን ፈጅቶባቸዋል። መሃል ላይ ብዙ ድምፅ ያገኘው ቁልፍ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ሁለተኛ ሥርዓት ጨመሩ፣ ሰዉ ደግሞ በየትኛው ሥርዓት እንሂድ ብሎ ተጣላ። ለዚያ ብዛት ላለው ሕዝብ ያ ራሱ ደስታው ነበር። ላንተ ግሩፕ ግን አይሆንም፤ ሰዉ ፓኬጅ የሚገዛው በየሁለት ደቂቃው ወደ ግራ ልሂድ ወይስ ወደ ቀኝ ተብሎ ሊጠየቅ አይደለም።

ለሕዝብ የሚሰጠው ክብደት ያለው ነገር ነው። የታሪክ ውሳኔ ሁሉ የነሱ ይሁን፣ ትንሹም ሳይቀር። ከውጊያ በፊት ማን ይሰለፍ የሚለውም የነሱ ይሁን። ከዚያ ለውጊያው አንድ ዕቅድ ብቻ አስመርጣቸው፤ ዳገቱን ቀድመን እንያዝ፣ እዚሁ ቆመን እንጠብቃቸው፣ ወይስ አለቃቸውን ብቻ አሳደን እንምታ? ዕቅዱን ካገኘህ በኋላ እንዴት እንደምትፈጽመው ያንተ ሥራ ነው። በታማኝነት ግን ፈጽመው። ዳገቱን እንያዝ ካሉህ ቢያስጠላህም ወደ ዳገቱ ትሄዳለህ።

በጣም የምወደው ደግሞ የማሳመኑ ነገር ነው። ታክቲክስ ኦግር ላይ ጠላትን አሳምነህ ወደ ራስህ ወገን ማምጣት ትችላለህ። እዚያ ላይ ቆም በልና ጠይቃቸው፤ ይህን ሰው እንግደለው ወይስ እናነጋግረው? እመነኝ፣ ስም የሌለው ተራ ቀስተኛ ስንት ወዳጅ እንደሚያፈራ ታያለህ።

መጀመሪያ ላይ ዴናም ስሙን ሲናገር ጌሙ የጥንቆላ ካርድ እያወጣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልሱ የዴናምን አቅም ይወስናል። የመጀመሪያው ፖልህ እሱ ይሁን። ማንም የማይሞትበት ስለሆነ ሰዉ ይለማመድበታል።


ቀሃ ማዶ፦

ጥሩ ነው፣ ግን ጌሙን ለምን አትቀይረውም? ታክቲክስ ኦግር ለጀማሪ ከባድ ነው። ሻይኒንግ ፎርስን ሞክር፣ የሜጋ ድራይቭ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1992። ውጊያው ያው በካሬ ነው፣ የወደቀውን ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ገንዘብ ከፍለህ ታስነሳዋለህ፣ ማንም ለዘለዓለም አይጠፋም። ሰዉ አይናደድብህም። ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስም አለ፣ የ1997። ታሪኩ አንድ መንገድ ብቻ ቢሆንም የሙያ ምርጫው ሰፊ ስለሆነ ማን ምን ይማር የሚለውን ለሕዝብ መስጠት ትችላለህ።

ቲቪውን በተመለከተ፣ ያለህ ፒኤስፒ ስንት ቁጥር ነው? 1000 ከሆነ ተወው፣ ወደ ቲቪ የሚያወጣ ቀዳዳ የለውም። 2000 ያወጣል፣ ግን ጌም ሲሆን የሚያወጣው በአምስት ጫፉ ገመድ፣ ለአዳዲስ ቲቪ ብቻ ነው። በቢጫ ቀይ ነጩ ገመድ ጌም የሚያሳየው ከ3000 ጀምሮ ነው። ሥዕሉ ቲቪውን አይሞላውም፣ ዙሪያውን ጥቁር ይሆናል፣ እሱ የጤና ነው።


የአራዳው ልጅ፦

3000 ነው! ተመስገን። ገመዱን አፈላልጋለሁ።

ጌሙን ግን አልቀይርም። ሻይኒንግ ፎርስን እወደዋለሁ፣ ሆኖም ሰዉ የወሰነው ውሳኔ እውነተኛ ዋጋ እንዲኖረው ነው የምፈልገው። ሁሉም ሰው ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ ድምፁ ምን ይሠራል? ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ ላይም ታሪኩ በኛ ምርጫ አይቀየርም። ታክቲክስ ኦግር ላይ ግን ሰዉ የሚመርጠው ማን ጠላታችን እንደሚሆን ጭምር ነው።


የአዘዞዋ፦

ትክክል ነህ፣ አትቀይረው።

ስለ ወደ ኋላ መመለሱ እኔ ጠንካራ አቋም አለኝ። የፒኤስፒው ቅጂ ላይ ሠረገላ የሚባለው ካርድ እስከ 50 እርምጃ ወደ ኋላ ይወስድሃል። ለብቻህ ስትጫወት ግሩም ነገር ነው፣ ሌላ ዓይነት ዘዴ ብጠቀም ምን ይፈጠር ነበር ብለህ ትማርበታለህ። ሕዝብ ሲወስን ግን መዘጋት አለበት። አንድ ጊዜ ከተጠቀምክበት አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚሞት ሰው ሁሉ አድሚኑ መልሶ ሊያድነው ሲችል ዝም ያለው ይሆናል፣ ጭቅጭቁም ከጌሙ ወጥቶ ወደ አንተ ይዞራል። መብራት ሲጠፋ የምትከፍተው ሴቭም ያው ነው፤ ከቆምክበት ቀጥል እንጂ የተሻለ ዕድል ፍለጋ መልሰህ አትክፈተው። ይህንን ሕግ መጀመሪያ ቀን ጽፈህ ግሩፑ ላይ ፒን አድርገው።

ደግሞ ይህ ቅጂ እንደ 1995ቱ ጨካኝ አይደለም። ያኛው ላይ ተዋጊህ ጉልበቱ ካለቀ ሞተ፣ በቃ። ፒኤስፒው ላይ ሲወድቅ ሦስት ተራ ይቆጠርለታል፣ እስከዚያ ከደረስክለት ታተርፈዋለህ። ካልደረስክ ካሉት ሦስት ልቦች አንዱን ያጣል። ሦስቱም ሲያልቁ ነው ለዘለዓለም የሚሄደው። ስለዚህ ተመልካቹ በቂ ማስጠንቀቂያ አለው። ተዋጊው ወድቆ ቆጠራው ሲጀምር፣ ዕቅዱን ትተን እሱን እናንሳ ወይስ እንቀጥል የሚለው ራሱ ትልቅ ፖል ነው! በቲቪው ፊት ላሉት ብቻ ስጠው ግን፣ የቴሌግራሙን ከጠበቅክ ሌሊቱ ይነጋል።

ሌላ ሐሳብ። ለእያንዳንዱ ተዋጊ ባለቤት ስጠው። ከሱቅ የምትቀጥረውን ወታደር፣ አሳምነህ ያመጣኸውን፣ ሁሉንም ለግሩፑ አባላት አከፋፍል፣ ደብተር ላይ ጻፍ። እገሌ ቄስ ይሁን ወይስ ጠንቋይ፣ ጦር ይያዝ ወይስ ቀስት፣ ባለቤቱ ይወስን። ጥግ ላይ ቆሞ የነበረ ዝምተኛ ልጅ ቀስተኛው ልቡ አንድ ሲቀርለት ምን እንደሚሆን ብታይ። የኔ ወንድም ሌላ ጌም ላይ እንዲህ የተሰጠችውን ፈረሰኛ ስም እስከ ዛሬ ያነሳል።

ቁጥሩንም አትደብቃቸው። ይህ ምት 64 በመቶ ነው ብለህ ጮክ ብለህ ንገር፣ ከዚያ ምታ። ማራኪ ፋየር ኤምብለምን ስላነሳ፣ ያን ለመጫወት የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጌም ቦይ አድቫንሱ ላይ ስክሪኑ የሚያሳየው በመቶኛ ትክክለኛው ዕድል አይደለም። ጌሙ አንድ ቁጥር ሳይሆን ሁለት አውጥቶ አማካያቸውን ይወስዳል። ስለዚህ 90 የሚለው በተግባር ወደ 98 ይጠጋል፣ 30 የሚለው ደግሞ ወደ 18 ይወርዳል። ይህን ለተመልካች ሳትነግሩ እናስመርጥ ካላችሁ ሰዉን በማያውቀው ነገር እያስወሰናችሁት ነው።


ማራኪ፦

@የአዘዞዋ ስለ ፋየር ኤምብለሙ በጣም ትክክል ነሽ። ያ ጌም አንድ ጥሩ ነገር ግን አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝኛ የወጣው ላይ ተጫዋቹ ራሱ ታሪኩ ውስጥ አለ፣ የጦር አማካሪ ሆኖ፣ ሰዎቹ ዞር ብለው ያናግሩታል። እኛ ዶርም ውስጥ አማካሪው ሁላችንም ነን አልን፣ ስሙንም በዶርማችን ቁጥር ሰየምነው። ሊን የምትባለው የጌሙ ጀግና ምን እናድርግ ብላ ስትጠይቅ ክፍሉ ሁሉ ይመልስላት ነበር። የአራዳው፣ አንተም ለተመልካችህ እንዲህ ያለ ቦታ ፈልግለት። የዴናም ሕሊና ናችሁ ብትላቸው ይሄዳል።


አባ ገበጣ፦

ልጆች እንደምን ናችሁ። እኔ ተጫዋች አይደለሁም፣ ልጆቼ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀምጬ የማይ ነኝ። የታሪክ መምህር ስለነበርኩ ግን ይህ ንጉሥ ወራሽ ሳይተካ ሞተ፣ መኳንንቱ ተፋጁ የሚለው ነገር ስቦኝ ገባሁ።

የአራዳው፣ ታሪኩን ለጎንደር ልጅ ስታወራ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብህም። ይህ ከተማ ዘመነ መሳፍንትን ያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ ጀምሮ ንጉሥ በግቢው ውስጥ ይቀመጣል እንጂ የሚያዘው ጦር ያለው መስፍን ሆነ። ያነግሡታል፣ ያወርዱታል። የየጁዎቹ ራሶች ደብረ ታቦር ሆነው በንጉሡ ስም ይገዙ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ቋረኛው ካሣ በ1853 ራስ አሊን አይሻል ላይ፣ በ1855 ደግሞ ደጃች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል እስኪያደርግና ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ እስኪነግሥ ድረስ ቆየ። መሳፍንቱ ሁሉ ለሕዝብ ነው የምንዋጋው ይሉ ነበር። የሚቃጠለው ግን የገበሬው ጎጆ ነው።

ልጄን ጠይቄው ነበር፤ ይህ ሮንዌይ የሚባለው የዋሊስተር መስፍን ዴናምን በከተማው ስም የጎልያት ጀግና እያለ ስሙን ያገነነዋል አለኝ። እንግዲህ አስቡት። መስፍን የአንድን ድሃ ልጅ ስም ከፍ ከፍ የሚያደርገው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ተመልካቹ ውሳኔው ከመምጣቱ በፊት ራሱ እንዲጠይቀው አድርግ። አንተ አትመልስለት።


የአዘዞዋ፦

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ አድርገው ሲያስቀምጡት እኔም ጌሙን በሌላ ዓይን አየሁት። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። ዘመነ መሳፍንት ድረስ መሄዱ ጥሩ ነው፣ ሩቅ ስለሆነ። ወደ ዛሬው ግን እንዳይመጣ። እነዚያ ጋልጋስታን እንደ እነ እገሌ ናቸው የሚል አንድ ኮመንት ከገባ ግሩፑ ያልቅለታል። የጌሙን ወገኖች በሕይወት ባለ ሕዝብ ስም መጥራት ክልክል ነው የሚል ሕግ ከመጀመሪያው ይኑር። የጻፈ ይጠፋበታል፣ ማብራሪያ የለም።


አባ ገበጣ፦

ልክ ብለሻል ልጄ። እኔም ያልኩት ስለ መሳፍንቱ ጠባይ ነው። ያንቺ ሕግ ይጻፍ።


ቀሃ ማዶ፦

ጌሙን ሦስቱንም መንገድ ስለጨረስኩት በአንደኛው ምዕራፍ መጨረሻ ስላለው፣ ባልማሙሳ በምትባል ከተማ ስለሚሆነው ውሳኔ ልናገር። ከዚህ በታች ታሪኩን እገልጣለሁ፣ ማወቅ የማትፈልጉ እለፉት።

ነገሩ ይህ ነው። ባልማሙሳ ላይ ያሉት ዋሊስተሮች፣ የራሳችን ወገኖች፣ በጋልጋስታን ሥር እያሉ ለማመፅ እምቢ ይላሉ። ያን ጊዜ ሊዮናር የሚባለው ባላባት የመስፍኑን ትእዛዝ ያመጣል፤ ሕዝቡን ፍጁትና ጋልጋስታን ነው ያደረገው እንበል፣ የቀረው ዋሊስተር በቁጣ ይነሳልናል። ዴናም ወይ እሺ ይላል ወይ እምቢ። እምቢ ብትል ሰዎቹ አይተርፉም። ጭፍጨፋው ይፈጸማል፣ የሚወነጀለው ደግሞ ዴናም ነው። እሺ ብትል የጀግና ስምህ ይቀጥላል፣ ግን ምን እንዳደረግክ አንተ ታውቀዋለህ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ቫይስን ነው። እሺ ካልክ ቫይስ ይህንን አላደርግም ብሎ ካንተ ይለያል። እምቢ ካልክ ቫይስ የመስፍኑን ትእዛዝ ተቀብሎ አንተን ይከዳሃል። አንተ የተውከውን መንገድ ሁሌም እሱ ይይዘዋል።

እስቲ ይህን ድምፅ ከሚሰጥ ተመልካች ጋር አገናኙት። ለምሳሌ እምቢ 60፣ እሺ 40 ሆነ እንበል። ሌላ ጌም ቢሆን 40ዎቹ ተሸነፉ፣ አለቀ፣ የነሱ ሐሳብ ስክሪን ላይ አይታይም። እዚህ ግን የነሱን ምርጫ ቫይስ ይዞት ይሄዳል። በየመሃሉ ፊታቸው ይመጣል፣ ይናገራል፣ ለምን እንዳደረገው ይከራከራል። ብቻዬን ስጫወት ቫይስን እንደ ከዳተኛ ብቻ ነበር የማየው፤ ሕዝብ እየመረጠ ሲሆን ግን ከተመልካቹ ግማሽ የሚሆነው ቫይስ ሲናገር ይህ የኔ ድምፅ ነበር ማለቱ አይቀርም። ለሕዝብ ውሳኔ ከዚህ የተሻለ የድሮ ጌም አላውቅም። ቅድም ቀይረው ያልኩትን ስለዚህ አንስቻለሁ።

ታዲያ አደራህን፣ መንገዶቹ ሕግ፣ ገለልተኛና ትርምስ ተብለው እንደሚጠሩ ከድምፁ በፊት እንዳትነግራቸው። ሕግ የሚለውን ሲሰሙ ጥሩው እሱ ነው ብለው ይሄዳሉ። የዴናምን ሁለት መልሶች ብቻ እንዳሉ አስቀምጥላቸው። መጨረሻቸውን የሚያውቅ ካለ ደግሞ እስከ ውጤቱ ድረስ አፉን ይያዝ።


አባ ገበጣ፦

እንዲህ ያለውን ውሳኔ በግልጽ ነው ማስመረጥ። ወገንህን ግደል የሚል ሐሳብ የሚመርጥ ሰው ስሙ ይታይ፣ ለምን እንደሆነም ቆሞ ይናገር። በሸንጎ እጅ የሚያነሳ ሰው ተደብቆ አያነሳም።


የአዘዞዋ፦

ጋሼ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ግሩፓችን ውስጥ በእነዚህ ዓመታት ሰው የቀበሩ አሉ። አንዱ ስሙ ታይቶ እሺን ቢመርጥ፣ ጌም መሆኑን እያወቀም ቢሆን፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ያን አይቶ የሚሰማው ሌላ ነው። ከዚያ ለወራት ይቀየማሉ። በድብቅ ይሁን። ሰዉ ስሙ ከታየ ደግሞ የሚመርጠው ያሰበውን አይሆንም፣ ጥሩ የሚያስብለውን ነው። የኛ ፍላጎት ግን በእውነት ምን እንዳሰበ ማወቅ ነው።

ሌላው፣ ይህ ክፍል ከመምጣቱ በፊት አስጠንቅቅ። በሚቀጥለው ሳምንት ያለው ታሪክ የሰላማዊ ሰዎች ጭፍጨፋ አለበት፣ ማየት የማይፈልግ ይለፈው ብለህ ቀደም ብለህ ጻፍ። ፎቶውንም አብዝተህ አትልጠፍ።


አባ ገበጣ፦

ሐዘን የገባበትን ቤት አላሰብኩትም። እንዲያ ከሆነ ድምፁ ድብቅ ይሁን። ክርክሩ ግን በግልጽ ይሁን። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም፤ ድምፁ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሰው ስለ እሺታ፣ አንድ ሰው ስለ እምቢታ ይናገር። የሚናገሩት በዕጣ ይመረጡ፣ ያመኑበትን ሳይሆን የደረሳቸውን ወገን ይከራከሩለት። ያኔ ማንም በተናገረው አይጠላም።


የአራዳው ልጅ፦

ጋሼ፣ ይሄ አለቀ! በዕጣ የሚከራከሩት ነገር በጣም ነው የተመቸኝ። እሺ የሚለውን ወገን የሚይዘው ሰው የሊዮናርን ምክንያት ብቻ ይዞ ይከራከራል፤ አሁን ካልተባበርን ሁላችንም እናልቃለን የሚለውን። እምቢ የሚለው ደግሞ የራሱን ይፈልጋል፣ ጌሙ ብዙም አይሰጠውም።

ቴሌግራም ላይ እንዴት እንደማደርገው ግን ልጠይቅ። ግሩፕ ውስጥ ፖል ስከፍት ስም የሚያሳየውም የማያሳየውም አለ አይደል? ቻናል ብከፍትስ?


ማራኪ፦

ቻናል ላይ ፖል ሁሌም ስም አያሳይም። ግሩፕ ላይ ስትከፍት ግን ትመርጣለህ። ስለዚህ ለተራው ውሳኔ ግሩፑ ላይ ስም የሚያሳየውን ክፈት፤ ማን ለየትኛው ተዋጊ እንደተከራከረ ማየቱ ደስታ አለው፣ ባለቤቶቹም ይታወቃሉ። ለባልማሙሳ ድብቁን። ሰው ድምፁን ሳይሰጥ ውጤቱን አያይም፣ ያ ጥሩ ነው፣ ወደሚያሸንፈው እንዳይሄድ ያደርገዋል። ድምፁን ከሰጠ በኋላ ግን መልሶ ሊያነሳው ይችላል። ይህን አትከልክል፣ ክርክሩን ሰምቶ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ካለ እሰየው።

ሰዓቱን ረዘም አድርግ። አሜሪካ ያሉት እኛ ማታ ስንል ቀን ላይ፣ ሥራ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ውጊያውን ጨርስ፣ ውሳኔው ላይ ስትደርስ አቁም፣ ፖሉ እስከ ሰኞ ማታ ይቆይ። ከቲቪው ፊት የሚቀመጡት ያኔ ይናደዱብሃል፣ ግድ የለም፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲከራከሩበት ይከርማሉ።

ከጨረስክ በኋላ ደግሞ የፒኤስፒው ቅጂ ወደ መገንጠያዎቹ ተመልሰህ ሌላውን መንገድ እንድታይ ይፈቅድልሃል። እሱን የተሸነፉት ወገኖች ዙር ብለህ ብታደርገው አስበው። ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ይህ ዕድል እንዳለ አታንሳባቸው፣ ድምፁ ይቀልባቸዋል።


የአራዳው ልጅ፦

በቃ ገባኝ። ሕጎቹን ጻፍኳቸው። ሠረገላው ዝግ ነው። ሴቭ መብራት ሲጠፋ ብቻ። የታሪክ ውሳኔ፣ ሰልፍ፣ የውጊያ ዕቅድና ማሳመን የተመልካች ነው፣ እርምጃው የኔ ነው። በመቶኛው ጮክ ተብሎ ይነገራል። የጌሙን ወገን በሰው ስም የጠራ ይጠፋበታል። ተዋጊ በዕጣ ይከፋፈላል፣ የመጀመሪያ ዕጣ ለቲቪ ቤቱ ባለቤት፣ ቤቱን ስለሰጠን።

እህቴ የአዘዞዋ፣ ደብተሩን አንቺ ያዢልኝ እንዴ? ማን የየትኛው ተዋጊ ባለቤት እንደሆነ፣ ስንት ልብ እንደቀረው። እኔ እየተጫወትኩ አልችልም።


የአዘዞዋ፦

እይዛለሁ። ግን ለኔም አንድ ተዋጊ ይሰጠኝ፣ ቀስተኛ ይሁን። ቅዳሜ ከአዘዞ ታክሲ ስለሚጠፋ ከ12 ሰዓት በፊት እደርሳለሁ፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ዕጣ እንዳያወጣ።


ቀሃ ማዶ፦

ቢጫ ቀይ ነጩ ገመድ እኔ ጋ አለ፣ የ3000 ነው፣ ሠርቶልኛል። ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ። ባትሪውን ሞልተህ ጠብቀኝ።